የማላውቀው ልጅ አክስት

በዓመት አንድ ጊዜ በሕይወት መኖሬን ላስመሰክር ወደ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ። ባለቤቴ በባቡር ሥራ ኖሮ ያለፈ ሰው ስለሆነ ጡረታው እንዳይቋረጥ እኔ መሞት አለመሞቴ በየዓመቱ በወረቀት መረጋገጥ አለበት። በእግሬ ሄጄ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በገዛ አፌ "አለሁ" ማለቴ አይበቃም። ሁለት ምስክርና ሁለት ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ፎቶግራፉ እኔን አይመስልም ብለው መለሱኝና ሌላ እስክነሳ ድረስ ሳምንት ሙሉ መኖሬ አጠራጣሪ ሆኖ ሰነበተ። ያን ሳምንት ራሴም መስታወት ሳይ ትንሽ ተጠራጥሬያለሁ።

ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም። ወረቀት የማከብር ሰው ነኝ። ድሬዳዋ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ፣ አግብቼ ጅቡቲ ከገባሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈራችን የሚኖር አበሻ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ወረቀት ሲደርሰው እኔ ዘንድ ይዞት ይመጣል። የውሃ ቢል፣ የፖሊስ መጥሪያ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ አንድ ጊዜም ለሌላ ሰው የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ አንብቤያለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ "ማዳም" ይለኛል።

ለሚመጣው ሁሉ ሁለት ነገር እነግር ነበር። አንደኛው "ሳታነብ አትፈርም" የሚል ነው። ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ፈረንሳዮች ቅጽ ላይ "ኖም" ሲሉ የአባትህን ስም ነው፣ "ፕሬኖም" ሲሉ የራስህን። የእኛ ሰው ግን "ኖም" ማለት ስም ማለት ነው ሲባል ሰምቶ የራሱን ስም እዚያ ይጽፍና የአባቱን ከጎን ያስከትላል። ከበደ ዓለሙ የነበረው ሰው ዓለሙ ከበደ ሆኖ ይወጣል። ማለትም በመንግሥት ፊት የገዛ አባቱ አባት ይሆናል። እንዲህ ሆነው አባታቸውን የወለዱ ሦስት ሹፌሮች አውቃለሁ። ሦስቱንም በደንብ ተቆጥቻቸዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ። ቀጥሎ የማወጋችሁን ስትሰሙ ይህን አትርሱብኝ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ከተማውን በሚያንገላታበት ወር ነው። መኖሬን ላስመሰክር ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ አዳራሹ ጥግ አዲስ ኮምፒውተር ቆሞ አየሁ። በላዩ ላይ "ለሕዝብ መፈለጊያ" የሚል ተለጥፎበታል። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ በስም የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ መፈለግ ይችላል። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ማራገቢያውም ወደዚያ ነው የሚዞረው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተቀመጥኩት ለማራገቢያው ነው።

ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ጎረቤቴ አስቴር ትዝ አለችኝ። አስቴር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳ እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ተስፋዬ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጃቸው ግርማ በሃያ ሦስት ዓመቱ እንደ ሌሎቹ ልጆች በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን ተሻግሯል። ከተሻገረ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ይደውል ነበር። ያን ጊዜ ድምፁ ከጠፋ አራት ወር ሆኖታል። ጠዋት ስወጣ አስቴር በሯ ላይ ሽንኩርት እየላጠች "ዛሬ ይደውላል" ብላኛለች። በየቀኑ ነው የምትለው።

ፈልጊልኝ ብላ አልጠየቀችኝም። ማንም አልጠየቀኝም።

ኮምፒውተሩ ከመክፈቱ በፊት በፈረንሳይኛና በዓረብኛ የተጻፈ ረጅም ማሳሰቢያ አወጣ። አሁን በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ለራስህ ወይም ለቅርብ ዘመድህ ብቻ ፈልግ ይላል። ያገኘኸውን ለሌላ ሰው አታሳልፍ ይላል። እዚህ የምታየው ነገር ዋናውን ሰነድ በመስኮት ቀርበህ እስክታይ ድረስ እርግጠኛ አይደለም ይላል። የሚያስመዘግበው ነገር እውነት ስለመሆኑ፣ ባገኘውም ለሚያደርገው ነገር፣ ተጠያቂው ፈላጊው ራሱ ነው ይላል። የዚያን ቀን ግን ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ "ማዳም፣ ይጨርሳሉ?" እያለ ያስል ነበር። መነጽሬንም ከቦርሳዬ ማውጣት ከበደኝ። "አንብቤ ተስማምቻለሁ" የሚለውን ተጫንኩት።

ቀጥሎ የመታወቂያ ቁጥሬን አስገባሁ፤ ዝምድናም ጠየቀኝ። አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እህት፣ አጎት ወይም አክስት የሚሉ ምርጫዎች አሉ። መጨረሻ ላይ "ሌላ ከሆነ መስኮት ቀርበው ይጠይቁ" ይላል። መስኮቱ ላይ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። እኔ ለአስቴር ልጅ ምኑ ነኝ? ሕፃን ሳለ አዝዬዋለሁ። እዚህ አገር ደግሞ አንዲት አሮጊት ለሚያውቃትም ለማያውቃትም አክስት ናት። የአሳ ሻጩም፣ የታክሲው ሹፌርም "ታንት" ይለኛል። ስለዚህ አክስት አልኩት። እኔ ይህን ያልኩት በእኛ አነጋገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በቁም ነገር ያዘው።

ከዚያ ሁለቱ ሳጥኖች መጡ፤ "ኖም" እና "ፕሬኖም"። ስንቱን የገሠጽኩባቸው ሳጥኖች ናቸው። ሰው የሚያውቀውን ልጅ በሐሳቡ ይዞ ሲጽፍ እናቱ እንደምትጠራው ነው የሚጽፈው። በመጀመሪያው ላይ "ግርማ"፣ በሁለተኛው ላይ "ተስፋዬ" ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ሰው ወጣ። ግርማ፣ ተስፋዬ። ወንድ። ሃያ አራት ዓመት ገደማ። ትውልድ ኢትዮጵያ። ሆስፒታል ከገባ በማግስቱ አርፏል። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከሥሩ "የሚፈልጉት ሰው ይህ ነው?" የሚል ጥያቄ አለ። ከየመን ሲመለስ ነው የሞተው ብዬ አዎን አልኩ። "መረጃዎ ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን" አለኝ።

የመኖር ማስረጃዬን ያን ቀን ሳልወስድ ወጣሁ።

አሁን የእኛን ሰው ልማድ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። የመዝገብ ቤቱ ደንብ የሞት ወሬ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገር፣ ሌላ ሰው አይስማው ይላል። የእኛ ደንብ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስል መጀመሪያ ሌላው ሁሉ ይስማ፣ ቤተሰብ መጨረሻ ይነገረው ይላል። ለእናት በድንገት አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይፈለጋል፣ ማለዳ ተሂዶ መርዶ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ አገሩ ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። እኔም በሁለቱ ደንቦች መካከል ሆኜ የአስተዳደግ ነገር አሸነፈኝና ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አቶ በዛብህ ሄድኩ። አቶ በዛብህ በወደብ የጭነት ጉዳይ ሲያስፈጽሙ ኖረው በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ነገር ሲነገራቸው ዕቃ የሚቀበሉ ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ለማን ለማን ነግረዋል፣ ማዳም?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ብቻ።"

"ደግ አደረጉ። ከዚህ አይወጣም። እኔም የምነግረው ለጸሐፊያችን ብቻ ነው።"

ጸሐፊው ለሚስቱ ብቻ ነገረ። ሚስቱ ለእህቷ ብቻ ነገረች። ማታ ከገበያ ስመለስ አንድ የማላውቀው ሹፌር ከመኪናው ላይ ሆኖ "ማዳም፣ የአስቴርን ልጅ ሰማን እኮ፤ ለማንም እንዳይናገሩ" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

መርዶው በማግስቱ ቢነገር ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። ነገር ግን የአስቴር የንስሐ አባት አዲስ አበባ ሄደዋል፣ የሚመለሱት በሁለተኛው እሑድ ነው። የእድሩ ድንኳንም ለሠርግ በውሰት ተሰጥቶ አሊ ሳቢህ ከተማ ነው ያለው። ያለ ቄስና ያለ ድንኳን መርዶ አይሆንም ተባለ። ዘጠኝ ቀን ልንቆይ ሆነ። ዘጠኝ ቀን አንድ ሰፈር ሙሉ አንድ ሴት እንዳታውቅ ሊጠነቀቅ ነው።

ጥንቃቄያችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በልብስ ማስጫ ገመድ ምክንያት ሦስት ዓመት የተኳረፈቻት ጎረቤቷ በሦስተኛው ቀን መጥታ ገመዱን በጠቅላላ ለአስቴር ለቀቀችላት። ወጡ ጨው በዛበት እያሉ ሲነተርኳት የኖሩ ሹፌሮች አንገታቸውን ደፍተው ጠርገው ይበላሉ። አንዱ በልቶ ሲወጣ ጉልበቷን ሳማት። እሷ ስትገባ ሬዲዮ ይጠፋል። ስልኳ ሲጠራ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል። ሴቶቹ ያለ ጉዳይ መጥተው ተቀምጠው፣ አይተዋት፣ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ "አቧራው ነው" ብለው ይሄዳሉ። በእርግጥ አቧራ ነበረ።

በአምስተኛው ቀን ሐዋ መጣችብኝ። ሐዋ ግድግዳችን የሚገናኝ የሶማሌ ጎረቤቴ ናት። ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

"ስሚኝማ፣ ማዳም" አለች ቆማ። "የአስቴር ልጅ ሞቷል አሉ። እውነት ነው?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ያልነገረኝ አለ? የውሃ ቦቴው ሰውዬ ነገረኝ። እሷ ግን ትናንት ግርማ ሲመጣ ለሱ ነው ብላ አንሶላ ስትገዛ አየኋት። ለእሷ ብቻ ነው ያልተነገራት?"

"ልማዳችን ነው፣ ሐዋ። ቄሱ እስኪመጡ ነው።"

"አቦ! ሟቹ የቄሱ ልጅ ነው እንዴ? በእኛ ቢሆን በአንድ ሰዓት ተነግሮ፣ በአንድ ሰዓት ተለቅሶ ነበር። ስህተት ከሆነም በአንድ ሰዓት ይታወቅ ነበር።"

"ስህተት አይደለም። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ወላሂ፣ እናንተ ሰዎች ትገርሙኛላችሁ" አለችና ሄደች። ስህተት የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ አልወደድኳትም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አስቴር ራሷ በሬን ገፍታ ገባች። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም።

"እትዬ፣ እርስዎ አይዋሹኝም" አለች። "ልሞት ነው አይደል?"

"ምን?"

"ሰው ሁሉ ያውቃል። ገመዱን የለቀቀችልኝ ለምንድን ነው? እሷ እኮ እናቷ ስትሞት እንኳ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ደም ሰጥቼ ነበር። ውጤቱን ሳልሰማ አገሩ ሰምቶታል። እዚያ የምትሠራው ልጅ ናት ያወራችው። የሰው ምስጢር እንዲህ ይወራል?" ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። "ያንብቡልኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?"

መነጽሬን አደረግሁ። ትንሽ ደም አንሷታል እንጂ ምንም የለባትም። ይህን ነገርኳት። አላመነችኝም።

"ሊደብቁኝ ነው" አለች። "እሺ ይደብቁኝ። እኔ ብሞት ግድ የለኝም። ግርማ ሲደውል ግን ቀስ ብለው ይንገሩት። በስልክ አይንገሩት። ማንም እንዳይቀድምዎት፣ እርስዎ ይንገሩት።"

እኔ ወረቀቱን አያለሁ። ሌላ የማየው ስለሌለኝ ነው። አስቴር አየችኝና ስለ ክሊኒኩ ማውራት ቀጠለች፤ ሰው ሲፈራ ያወራል።

"እዚያም ሳይቀር ያንጓጥጡኛል። ሦስት ጊዜ 'ማዳም ኃይሌ' እያሉ ሲጣሩ ዝም አልኩ። አባቴን የሚጠሩ መስሎኝ ነው። አባቴ ደግሞ ማዳም አይደለም፣ ከሞተም ሃያ ዓመቱ ነው። በኋላ ነርሷ መጥታ ጎተተችኝ፤ ለካ እኔን ኖሯል።"

ወረቀቱ ላይ "ኖም፦ ኃይሌ፤ ፕሬኖም፦ አስቴር" ይላል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ያን የመዝገብ ቤት ኮምፒውተር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ኖም ግርማ፣ ፕሬኖም ተስፋዬ። እንደ ደንቡ ከተነበበ ሰውየው ተስፋዬ ነው፤ ግርማ አባቱ ነው። የአስቴር ልጅ አይደለም። ግን ደግሞ ቅጹን የሞላው የእኛ ሰው ከሆነ፣ እንደነዚያ ሹፌሮች፣ እንደ እኔ፣ ገልብጦ ሞልቶት ከሆነ፣ ሰውየው ግርማ ተስፋዬ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱም እኩል እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለየው ዋናው ሰነድ ነው። ማሳሰቢያውም ይህንኑ ብሎ ነበር።

"እትዬ?" አለች አስቴር። "ምን ሆኑ?"

ውሸት ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

እሷ ግን አንዴ ፊቴን ካየች በኋላ የጠየቀችው ስለራሷ አልነበረም። "ግርማ ነው?" አለች።

"አላውቅም" አልኳት። ከስምንት ቀን ወዲህ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። "መዝገብ ቤት ስም አይቻለሁ። የሱም ሊሆን ይችላል፣ የሌላም። ሄዶ ወረቀቱን ማየት ነው።"

አልጮኸችም። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ተከተልኳት። ሚኒባሱ ውስጥ እስክንደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?" አለችኝ። ነገርኳት። ቀኖቹን ከንፈሯ ላይ ስትደረድር አየኋት። በየትኛው ቀን ምን ስታደርግ እንደነበረ እያስታወሰች ይመስለኛል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ማዳም ሳፊያ የምትባል ጨዋ ሴት ናት። በየዓመቱ መኖሬን የምትመዘግበው እሷ ናት። ስሙን ነገርኳት፤ ዘመዱ የትኛችሁ ናችሁ ብላ ጠይቃን ኮምፒውተሯን አየች። "እርስዎ አክስቱ ነዎት፤ እዚህ ተመዝግቧል" አለችኝ። አዎንም አይደለምም ሳልል ፋይሉ መጣ።

ስስ ነው። ከፊት ያለው በፈረንሳይኛ የተሞላ ቅጽ ነው። አንድ ሹፌር በመንገድ ላይ ሙቀት የጣለውን ወጣት አንስቶ ሆስፒታል አድርሷል ይላል። ማዳም ሳፊያ ገልበጥ አድርጋ ከኋላው የተያያዘ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አሳየችን። በአማርኛ ነው የተጻፈው።

"ይህን እዚህ የሚያነብ የለም" አለች። "ቤተሰብ ሲመጣ ያነበዋል ብለን አያይዘነዋል።"

ላነብላት ስል አስቴር ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። እሷ ፊደል የቆጠረችው በጥቂቱ ነው። ጣቷን እያስኬደች አንድ በአንድ አነበበች። "ስ... ሙ... ተ... ስ... ፋ... ዬ..." እዚህ ላይ ቆመች። "ግ... ር... ማ... ነው።" ቀጠለች። "የመተሃራ ልጅ ነኝ ብሎኛል። እናት አለችው። ይህን የጻፍኩት ያመጣሁት ሹፌር ነኝ።"

ተስፋዬ ግርማ። ከመተሃራ።

አስቴር እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠባቂው ውሃ አመጣላት። እኔ በመስኮቱ ዘንግ ላይ እጄን አሳርፌ ቆሜያለሁ። ደስ ብሎኛል። ያን ጊዜ ደስ እንዳለኝ መካድ አልፈልግም።

"የእሷ ልጅ አይደለም" አልኳት ለማዳም ሳፊያ። "እኔም አክስቱ አይደለሁም። ተሳስቼ ነው።"

ማዳም ሳፊያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች፣ ብዙ ቆየችም። "ማዳም" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዘመድ ላልተገኘለት የውጭ ሰው ወደ አገሩ ደብዳቤ ይጻፋል። የዚህም ሊላክ ተዘጋጅቶ ነበር። እርስዎ 'አዎን፣ ይህ ነው' ሲሉ ግን ቤተሰብ አውቋል ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። ደብዳቤው አልተላከም።"

"ታዲያ አሁን ይላኩት።"

"የተዘጋ እንዲከፈት የሐሰት ዝምድና ማስመዝገብዎን በጽሑፍ ማመን አለብዎት። ከዚያ ይመረመራል። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።"

"ቀብሩስ?"

"ማዘጋጃ ቤቱ ቀብሮታል።"

ጻፍኩላት። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ ፈረንሳይኛዬም እንደዚያ ቀን ስህተት የሌለበት ሆኖ አያውቅም። ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። ከአስቴር ጋር ወደ መዝገብ ቤት ስንሄድ ያየን ሰው "ማዳም ነገረቻት" ብሎ አውርቶ፣ አቶ በዛብህ ድንኳኑን ከአሊ ሳቢህ በጭነት መኪና አስመጥተውታል። ወንበሩ ተደርድሯል፣ እዝኑ መጥቷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። አስቴርን ሲያዩ ለቅሶው ሊነሳ አፋፍ ላይ ደረሰ። እኔ ቀድሜ "አይደለም! ግርማ አይደለም! ሌላ ሰው ነው!" አልኩ።

እልልታው እስከ ወደቡ ይሰማ ነበር። ገመዱን የለቀቀችው ጎረቤት አስቴርን አቅፋ ዘለለች። ለግርማ ለቅሶ የመጣው ምግብ ለግርማ ደስታ ተበላ፤ አቶ በዛብህ ድንኳኑ ከተተከለ አይቀር ብለው ጸሎት አስደረጉ። አስቴር መሃል ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች። አልበላችም። ማንም ሰው "ሌላ ሰው" ያልኩት ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም፤ በእጄም እህል ይዤ ነበር።

ግርማ በሳምንቱ ደወለ። ስልኩ ባሕር ገብቶበት፣ ቁጥሩ ጠፍቶበት፣ ሥራም ቀይሮ ኖሯል። "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" ሲላት የሰደበችውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ገመዱን ግን ጎረቤትየዋ በማግስቱ መልሳ ወሰደች።

ግርማ በደወለ በሦስተኛው ቀን አስቴር መጣችና "ለዚያ ልጅ እናት ማን ይነግራታል?" አለችኝ።

"ያመለከትኩት እስኪታይ ነው" አልኳት።

"እሷም እኮ በየቀኑ ዛሬ ይደውላል ትላለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ የሚበላውን ሹፌር ሁሉ ራሷ ታናግረው ጀመር። "መተሃራ ላይ ስትቆም ባሏ ግርማ የሚባል፣ ልጇ ተስፋዬ ወደዚህ የወጣ ሴት ጠይቅልኝ። ለምን እንደምትጠይቅ ግን ለማንም አትናገር። ለሚስትህም ብትሆን። ከኔ በፊት አንድ ሰው እንዳይነግራት።" የሚያንገራግር ሲገኝ ሳህኑን አትሰጠውም። ይህን ያህል ሹፌር ይህን ያህል ጊዜ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው በሦስተኛው ምልልሱ አገኛት። ጫማ የሚጠግን ባሏ ሞቶ ለብቻዋ የምትኖር ናት፤ ልጅሽ ከውጭ ዕቃ ልኮልሻል የሚል ሰው ይመጣል ብላ በር ላይ ትቀመጣለች ብሎ ነገረን።

ያቀረብኩት ማመልከቻ እንደተቀመጠ ነው። እኔና አስቴር በአውቶቡስ ድሬዳዋ አድረን፣ በሌላ መኪና መተሃራ ገባን። አንድ የአካባቢው ቄስና ሁለት ሽማግሌ ይዘን፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ደረስን። ትንሽ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ታንሳለች። ገና ሲያዩን ጎረቤቶቿ እንደ እሷው ደነገጡ፤ አንዳቸውም ቀድመው አልሰሙም።

ሽማግሌው ነገሯት። ለቅሶዋን አልጽፈውም። ፀሐይ ወጥታ ጸጥ ስትል ወደ እኔ ዞረች። ከጅቡቲ መምጣቴን ሰምታለች።

"እማማ" አለችኝ። "ሞቱ ሲሰማ የሚያለቅስለት ሰው ነበረ?"

ቀባሪው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። በእኛ ሰፈር ሞቱ በታወቀ ዕለት የተሰማው እልልታ ነው።

"ነበረ" አልኳት።

አስቴር ዞር ብላ አየችኝ። ነጠላዋን አደገደገችና ከሴትየዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ "ተስፋዬ፣ ተስፋዬ" እያለች፣ በስሙ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች።